ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት፦ የበረዶ ሆኪ ድራፍት እንዴት ተቋም ሆነ

1. መቧደን

አዲስ አበባ ውስጥ «ድራፍት» ያለ ሰው አስተናጋጁ ጃምቦ ይዞለት ይመጣል። ሞንትሪያል ወይም ዲትሮይት ላይ ያው ቃል ሲነሳ የሚታሰበው ቢራ ሳይሆን የ18 ዓመት ልጅ ነው። የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ፣ በአጭሩ ኤንኤችኤል፣ 32 ፕሮፌሽናል ቡድኖች አሉት። ቡድኖቹ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጁን መጨረሻ፣ ተራ በተራ ስም እየጠሩ አዲስ ወጣቶችን ይከፋፈላሉ። ድራፍት የሚባለው ይህ ነው።

ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ ሰው ገናን ያስብ። በሣሩ ፋንታ በረዶ፣ በሩሯ ፋንታ ፓክ የሚሉት ጠፍጣፋ የጎማ ክብ፣ በባዶ እግር ፋንታ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ ይተካ፤ ጫፉ የታጠፈው ዱላ ግን ያው ነው። ገና ሳይጀመር ልጆች ይቧደናሉ። ሁለት አባቶች ይመረጣሉ። አቅማቸው የሚመጣጠን ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ፈቀቅ ይሉና ለየራሳቸው የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ ተመልሰው ሲመጡ አንደኛው አባት ከሁለቱ ስሞች አንዱን ይጠራል፣ የስሙ ባለቤት ወደ እሱ ይሄዳል፣ ጓደኛው ለሌላው ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ጉልበተኞቹ በአንድ ወገን ተከማችተው ጨዋታው ገና ሳይጀመር እንዳያልቅ ነው።

ድራፍትም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ልዩነቱ መራጮቹ ኩባንያዎች፣ ተመራጮቹም ከካናዳ እስከ ሩሲያ የተበተኑ ልጆች መሆናቸው ነው። ሁለት አባቶች በዓይን ገምተው የሚጨርሱት ነገር እዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ክፍል፣ በየአገሩ የተሰማሩ መልማዮች፣ ሐኪሞች፣ ዕጣ ማውጫ ማሽንና የሕግ ሰነድ ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ ያ ተቋም ከምን ተነስቶ ዛሬ ካለበት እንደደረሰ ይተርካል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ከድራፍት በፊት፦ የወረቀቱ ዘመን

ኤንኤችኤል በ1917 ሞንትሪያል ከተማ ተመሠረተ። ከ1942 እስከ 1967 ድረስ ሊጉ ስድስት ቡድኖች ብቻ ነበሩት፦ ሞንትሪያል ካናዲየንስ፣ ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ፣ ቦስተን ብሩይንስ፣ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ፣ ዲትሮይት ሬድ ዊንግስና ቺካጎ ብላክ ሆክስ። በዚያ ዘመን ተተኪ የሚገኘው በስፖንሰርነት ነበር። ትልቁ ቡድን ለታዳጊዎች ቡድን ገንዘብ ይሰጣል፤ በምላሹ እዚያ የሚጫወቱት ልጆች ሲያድጉ የእሱ ይሆናሉ። ቡድኖች በከተማቸው ዙሪያ 50 ማይል ክልል ውስጥ ባሉ ልጆች ላይም ቅድሚያ ነበራቸው። ሆኪ እንደ ሃይማኖት በሚታይባቸው ሞንትሪያልና ቶሮንቶ የሚኖር ቡድንና ልጆች ቤዝቦል እየተጫወቱ በሚያድጉበት ኒው ዮርክ የሚኖር ቡድን ከዚህ ደንብ እኩል እንደማይጠቀሙ ግልጽ ነው።

የሥርዓቱ ዋና መሣሪያ «ሲ ፎርም» የተባለ ቅጽ ነበር። ልጁ፣ ለአካለ መጠን ካልደረሰም ወላጆቹ፣ አንዴ ከፈረሙበት የፕሮፌሽናል ዘመኑ ባለመብት ያ ቡድን ነው። የዘመኑ መልማይ ሥራም ከዚህ ይነሳል፤ ጥሩ ልጅ ማየት ብቻውን አይበቃም፣ ሌላው ሳይደርስበት ወላጆቹ ሳሎን ገብቶ ማስፈረም አለበት።

የቦቢ ኦር ነገር ሥርዓቱን በደንብ ያሳያል። በ1961 የጸደይ ወቅት በሊጉ ግርጌ ይዳክር የነበረው የቦስተን ቡድን ሰዎች ኦንታሪዮ ውስጥ ጋናኖክ በምትባል ትንሽ ከተማ ሌሎች ሁለት ልጆችን ሊያዩ ሄዱ። ሜዳው ላይ ግን ፓሪ ሳውንድ ከምትባል ከተማ የመጣ፣ ከሁሉም የሚያንስ አንድ ተከላካይ ፓኳን አልለቅ ብሎ ጨዋታውን ብቻውን ይዞታል። የመጡበትን ረሱት። ቦስተን ለፓሪ ሳውንድ የታዳጊዎች ሆኪ ገንዘብ መስጠት ጀመረ፤ ሰዎቹ ወደ ቤተሰቡ ቤት ተመላለሱ፤ በ1962 ልጁ በ14 ዓመቱ ፈረመ። ቦስተን በእሱ ዘመን በ1970 እና በ1972 የሊጉን ሻምፒዮና ሽልማት፣ ስታንሊ ዋንጫን፣ አነሳ። ለቦስተን የሰመረ ታሪክ ነው። የአንድ ከተማ ቡድን ዕድል አንድ መልማይ አንድ ቅዳሜ በደረሰበት ሜዳ ላይ መንጠልጠሉ ግን ለሊጉ አስተዳዳሪዎች የሚያስተማምን አልነበረም።

3. 1963፦ አንድ የሆቴል አዳራሽ፣ 21 ስሞች

ሐሳቡ ለአሜሪካ ስፖርት አዲስ አልነበረም። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የመጀመሪያ ድራፍቱን ያካሄደው በ1936 ነው። ወደ ሆኪ ያመጡት የኤንኤችኤል ፕሬዚዳንት ክላረንስ ካምቤል ሲሆኑ ዓላማቸው ስፖንሰርነትን ቀስ በቀስ አስቀርቶ ስድስቱም ቡድኖች ለአዲስ ተጫዋች እኩል በር እንዲኖራቸው ማድረግ ነበር።

ጁን 5 ቀን 1963 የቡድኖቹ ሰዎች ሞንትሪያል ኩዊን ኤልሳቤጥ ሆቴል ተሰበሰቡ። ተመልካች የለም፣ ተመራጮቹም አልተጠሩም። ለምርጫ የቀረቡት አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ የሆናቸውና እስከዚያ ድረስ ለማንም ያልፈረሙ ልጆች ናቸው። ጎበዞቹ አስቀድመው በሲ ፎርም ስለታሰሩ የተረፈው ቃርሚያ ነበር ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ቡድን ተራው ሲደርስ «አልፌአለሁ» አለ፤ በጠቅላላው 21 ልጆች ተመረጡ። ከእነሱ አምስቱ ብቻ ናቸው ኤንኤችኤል ውስጥ ለመጫወት የበቁት። ከሁሉ ቀድሞ በካናዲየንስ የተጠራው ጋሪ ሞናሃን ያኔ 16 ዓመቱ ነበር።

አነሳሱ እንዲህ ደካማ ቢሆንም መሠረቱ ተጥሏል። ከዚያ ቀን በኋላ የልጅ መብት በሳሎን ፊርማ ሳይሆን በሁሉም ፊት በሚደረግ ተራ የሚገኝበት ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ አሮጌው መንገድም በዓመታት ውስጥ እየጠበበ ሄደ።

4. ከቃርሚያ ወደ ዋና ገበያ፦ ከ1967 እስከ 1980

በ1967 ሊጉ በአንድ ጊዜ ከስድስት ወደ 12 ቡድኖች አደገ። ለዓመታት የተገነባ የታዳጊዎች መረብ የሌላቸው ስድስት አዳዲስ ቡድኖች ከነባሮቹ ጋር እንዲፎካከሩ ከተፈለገ የስፖንሰርነቱ ነገር መቋጨት ነበረበት። በ1969 ዕድሜው 20 የሞላ አማተር ተጫዋች ሁሉ ለድራፍት ክፍት ሆነ፤ በዚያ ዓመት 84 ተጫዋቾች ተመረጡ። ካናዲየንስ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያንን አስቀድሞ የመውሰድ ልዩ መብቱን ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀመውም ያን ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምርጫዎች በዚሁ መብት ወሰደ።

በ1972 ዓለም አቀፍ የሆኪ ማኅበር የተባለ ተፎካካሪ ሊግ ውድድር ጀመረ። ተፎካካሪው ኤንኤችኤል የሚጠብቃቸውን ልጆች በገንዘብ ያማልል ስለነበር የ1974ቱ ድራፍት በምስጢር፣ በስልክ ተካሄደ። ሥራው ቀናት ፈጀ፤ የቡድኖቹ ሰዎች ስልክ ላይ ተንጠልጥለው ዙር በዙር ሲጠባበቁ ሰለቻቸው። በ11ኛው ዙር የቡፋሎ ሴበርስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ፓንች ኢምላክ «ታሮ ሱጂሞቶ፣ ቶኪዮ ካታናስ» ብለው አስመዘገቡ። ሊጉ 183ኛ ምርጫ ብሎ መዘገበው። ልጁም ቡድኑም የሉም፤ የፈጠራ ስሞች ነበሩ። ቀልድነቱ እንዳለ ሆኖ ነገሩ አንድ ቁም ነገር አጋልጧል። በዚያን ጊዜ ሊጉ የሚመረጡት ልጆች እነማን እንደሆኑ በአንድ ቦታ የሚያውቅበት መዝገብ አልነበረውም።

ተፎካካሪው ሊግ በ1979 ሲፈርስ ከቡድኖቹ አራቱ ኤንኤችኤልን ተቀላቀሉ። እዚያ ፕሮፌሽናል ሆነው የቆዩ ወጣቶችም ለምርጫ መቅረብ ስለነበረባቸው «የአማተር ድራፍት» የነበረው ስሙ «የመግቢያ ድራፍት» ተብሎ ተለወጠ፤ ዕድሜውም ወደ 19፣ በዓመቱ ወደ 18 ወረደ። በ1978፣ በ17 ዓመቱ፣ ለተፎካካሪው ሊግ የፈረመው ዌይን ግሬትስኪ ከአራቱ አንዱ ከሆነው ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር አብሮ በመግባቱ በኤንኤችኤል ድራፍት ሳይጠራ የቀረ ታላቅ ተጫዋች ሆነ።

በ1980 ድራፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞንትሪያል ፎረም ለሕዝብ ተከፈተ፤ 2,500 ሰው መጣ። በ1984 በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። በ17 ዓመት ውስጥ የሆቴል ስብሰባው የአደባባይ በዓል ሆነ።

5. የጋራ መዝገብና አዲሱ አህጉር

የመዝገብ ጉድለቱን ለመሙላት ሊጉ በ1975 ማዕከላዊ የምልመላ አገልግሎትን በጃክ በተን መሪነት አቋቋመ። ይህ ክፍል ለአንድ ቡድን አይወግንም፤ መልማዮቹ የሊጉ ሠራተኞች ናቸው። በመከር የሚጠበቁትን ልጆች ስም ያወጣል፣ በጃንዋሪ የመሐል ዓመት ደረጃ ይሰጣል፣ በኤፕሪል የመጨረሻውን። ዝርዝሩ በአራት ይከፈላል፦ የሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች፣ የሰሜን አሜሪካ ግብ ጠባቂዎች፣ የሌላው ዓለም ተጫዋቾች፣ የሌላው ዓለም ግብ ጠባቂዎች። ቡድኖች የራሳቸውን ምዘና የሚጀምሩት ከዚህ የጋራ ወለል ነው። ደካማ በጀት ያለው ቡድንም ቢሆን ከዚህ ወለል በታች አይወርድም።

በዚያው ጊዜ ዓይኖች ወደ አውሮፓ ዞሩ። የመጀመሪያው ተመራጭ አውሮፓዊ ፊንላንዳዊው ቶሚ ሳልሜላይነን በ1969 ነበር፤ የመጀመሪያው የሶቪየት ተጫዋች በ1975 ተመረጠ። ከሶቪየት መምረጥ ግን ያኔ ሊመጣ በማይችል ሰው ላይ ምርጫን ማባከን ይመስል ነበር። የ1989ኙ ድራፍት ይህን አስተሳሰብ ገለበጠው። ስዊድናዊው ማትስ ሱንዲን ከሁሉ ቀድሞ የተጠራ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዙሮች ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ኒክላስ ሊድስትረምን በ53ኛ፣ ሰርጌ ፌዶሮቭን በ74ኛ፣ ቭላድሚር ኮንስታንቲኖቭን በ221ኛ ተራ ወሰደ። ፌዶሮቭ በ1990 ከሶቪየት ቡድን ኮብልሎ ዲትሮይት ገባ። ሦስቱም በ1997 ስታንሊ ዋንጫን ባነሳው ቡድን ውስጥ ነበሩ።

ዲትሮይት በዚህ አላበቃም። በ1998 ፓቬል ዳትሱክን በ171ኛ፣ በ1999 ሄንሪክ ዜተርበርግን በ210ኛ ተራ አገኘ። ሌሎች ያን ሰዓት ወንበር አጣጥፈው ለመሄድ ያቆበቆቡ ነበሩ። ሌሎች ቡድኖች የተማሩት ነገር የአውሮፓ መልማይ ጌጥ አለመሆኑን ነው። ዛሬ በስዊድን፣ በፊንላንድ፣ በቼክና በአካባቢው ኑሮውን ያደረገ መልማይ የሌለው ቡድን እምብዛም አይገኝም።

6. ለደካማው ቅድሚያ፣ ለአታላዩ ዕጣ

የድራፍት ተራ የሚያዘው ከታች ወደ ላይ ነው። በዓመቱ የደከመው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፣ ዋንጫ ያነሳው መጨረሻ ላይ። ፍትሐዊ ነው፤ ፈተናም አለበት። ድንቅ ልጅ በሚጠበቅበት ዓመት ለደካማ ቡድን መሸነፍ ከማሸነፍ ይልቅ ይጠቅመዋል። በ1992-93 ውድድር ዘመን ኦታዋ ሴኔተርስ አሌክሳንደር ዴግልን ለማግኘት ሆን ብሎ ተሸንፏል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ሊጉ የዕጣ ሥርዓት ጀመረ።

ዕጣው የሚወጣው እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ ከ1 እስከ 14 ቁጥር ያላቸው ኳሶች ይገባሉ፤ አራቱ ይወጣሉ። ከ14 ኳስ አራት ሲወጣ ሊገጥሙ የሚችሉት ቅንብሮች 1,001 ናቸው፤ አንዱ ከስሌት ይወጣና የቀሩት 1,000 ወደ ጥሎ ማለፉ ላልገቡት ቡድኖች እንደ ድክመታቸው ይታደላሉ። የመጨረሻው ቡድን ትልቁን ድርሻ ይይዛል፣ ሁሉንም ግን አይይዝም። ዛሬ ዕጣው የሚወጣው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ቡድን ከአሥር ደረጃ በላይ አይዘልም፤ በአምስት ዓመት ውስጥም ከሁለት ጊዜ በላይ አያሸንፍም።

እነዚህ ገደቦች ያለ ምክንያት አልመጡም። ኤድመንተን ኦይለርስ በ2010፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2015 አንደኛውን ምርጫ አግኝቷል። ይህን ሁሉ ሲያገኝ ግን ከ2006-07 ጀምሮ አሥር ዓመት በተከታታይ ጥሎ ማለፍ አልደረሰም። አንድ ቡድን በየዓመቱ ቀድሞ መምረጡ ሌሎቹን ያስቆጣል፣ ራሱንም የግድ አያድንም፤ ከመጀመሪያው ስም በኋላ ያሉትን ስድስት ዙሮች ካላወቀበት የመጀመሪያው ስም ብቻውን ቡድን አይሠራም።

7. የቡድኑ ውስጥ ክፍል፦ ማን ምን ይሠራል

እዚህ ላይ ከሊጉ ወደ አንድ ቡድን ቢሮ እንግባ። ቁንጮው ዋና ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ምርጫ የሚለዋውጥ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር እሱ ነው። እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ስለ ዋናው ቡድን ሲያስብ ስለሚውል አብዛኞቹን ልጆች ጥቂት ጊዜ ብቻ ያያል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው የአማተር ምልመላ ኃላፊው ነው። ከእሱ ሥር ሁለት ዓይነት መልማዮች አሉ። አንደኛው የአካባቢ መልማይ ነው፦ የኦንታሪዮ፣ የኩቤክ፣ የምዕራብ ካናዳ፣ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች፣ የስዊድን፣ የፊንላንድ። ሁለተኛው አቋራጭ መልማይ ነው፤ ከአካባቢ ወደ አካባቢ እየዞረ የሁሉንም ምርጥ ያያል። ይህ ሰው የሚያስፈልገው የካናዳዋ ሳስካችዋን ግዛት መልማይ «እጅግ ፈጣን» ያለው ልጅና የስቶክሆልሙ መልማይ «እጅግ ፈጣን» ያለው ልጅ በአንድ ሚዛን እንዲቀመጡ ነው። በኋላ ዘመን የቪዲዮና የቁጥር ተንታኞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ የአካል ብቃት አሠልጣኞችና ሐኪሞች ተጨምረዋል።

መልማዩ ክረምቱን እንዴት ያሳልፋል? ማታ እዚያው ሳስካችዋን ውስጥ ፕሪንስ አልበርት ላይ ጨዋታ ያያል፣ በማግሥቱ በበረዶ በተሸፈነ መንገድ ወደ ስዊፍት ከረንት ይነዳል። ቀድሞ ይደርሳል፤ ማሟሟቂያውን ማየት ይፈልጋል። ከሕዝቡ ርቆ ከፍ ብሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ቡናውን ከእግሩ ሥር ያኖራል። ሕዝቡ ፓኳን ሲከተል እሱ ፓኳ የሌለችበትን ልጅ ይከተላል። ኳስ ሜዳ ላይ እንደሚባለው ያለ ኳስ እንቅስቃሴው ምን ይመስላል? ከተነጠቀ በኋላ ተመልሶ ይሮጣል ወይስ እጁን ያወዛውዛል? አሠልጣኙ ሲያስቀምጠው ወንበር ላይ ፊቱ እንዴት ነው? ማስታወሻው አጭር ነው። ልጁን አንዴ አይቶ አያበቃም፤ በሜዳውም ከሜዳው ውጭም፣ በድካሙም በጥሩ ቀኑም ያየዋል። የሚገምተው ዛሬ ያለውን የ17 ዓመት ልጅ አይደለም፤ 24 ዓመት ሲሆነው የሚሆነውን ሰው ነው።

ሕጉ ደግሞ በልደት ቀን ይቆርጣል። በድራፍቱ ዓመት እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 የሚሞላው ልጅ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ዓመት ይጠብቃል። ኦስተን ማቲውስ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1997 ተወለደ። በሁለት ቀን ልዩነት ከ2015 ድራፍት ወደ 2016 ተላለፈና በቶሮንቶ አንደኛ ተጠራ። ስለዚህ የክፍሉ ሠንጠረዥ ላይ ከስም ቀጥሎ የሚጻፈው ቁመትም ጎልም አይደለም፤ የልደት ቀን ነው።

8. ፈተናውና ዝግ ስብሰባው

የክፍሉ ዓመት በኦገስት ይጀምራል። የ17 ዓመት ልጆች ብሔራዊ ቡድኖች የሚገናኙበት የህሊንካ ግሬትስኪ ዋንጫ የመጀመሪያው መድረክ ነው። በገና ሰሞን የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና አለ፣ በጃንዋሪ የመሐል ዓመት ስብሰባ፣ በኤፕሪል የ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር የሚታይበት ሜዳ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ያለው ንግግርና ክርክር ነው።

በድራፍቱ መዳረሻ ሊጉ መቶ ያህል ልጆችን ወደ ቡፋሎ ይጠራል። ይህ መሰናዶ ኮምባይን ይባላል። በረዶ ላይ አይወጡም። የሕክምና ምርመራ አለ፤ በቆመ ብስክሌት ላይ ለ30 ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይል መርገጥ አለ፤ ዝላይ፣ የጨበጣ ጉልበት፣ በብረት ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ አለ። ከሁሉ የሚያደክመው ግን ከቡድን ወደ ቡድን እየተዞረ የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። ሁሉም ቡድን እኩል እንዲያይ ስለተፈለገ ከዚህ ውጭ ልጆችን በድብቅ መፈተን ያስቀጣል። አሪዞና ካዮቲስ ይህን በመጣሱ በ2020 የዚያን ዓመት የሁለተኛ ዙርና የ2021 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን ተነጥቋል።

ፈተናው የሚነግረው ግን ልክ አለው። በ2014 ኮምባይን ላይ ሳም ቤኔት ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ አንዴ እንኳ ራሱን ወደ ላይ መሳብ አቃተው፤ ወሬው በየጋዜጣው ተናፈሰ። ካልጋሪ ፍሌምስ ግን መልማዮቹ በረዶ ላይ ያዩትን አምኖ በአራተኛ ተራ ወሰደው። በ2025 ቤኔት ከፍሎሪዳ ፓንተርስ ጋር ስታንሊ ዋንጫን ሲያነሳ የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ።

ዝርዝሩ የሚዘጋው በቡድኑ ቢሮ ውስጥ በሚደረግ የቀናት ስብሰባ ነው። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ላይ ማግኔት ያላቸው የስም ካርዶች። ኃላፊው ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ያደርግና «ዛሬ ሁለቱም ክፍት ቢሆኑ ማንን ትወስዳላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የኩቤኩ መልማይ ክረምቱን ሙሉ የተከታተለውን ልጅ «የኔ ልጅ» እያለ ይሟገታል። የፊንላንዱ ደግሞ የራሱን። አቋራጩ ሁለቱንም አይቷልና ድምፁ ይመዝናል። ሐኪሙ ስለ አንድ ትከሻ ያነሳል፤ ካርዱ አሥር ቦታ ይወርዳል። ካርዶቹ ሲወጡና ሲወርዱ ውለው አንድ ቀን ኃላፊው «ይበቃል» ይላል። ከዚህ በኋላ ካርድ አይነካም። የመጨረሻው ዝርዝር ከሚመረጡት ሁሉ እጅግ ያጠረ ነው፤ ቡድኑ በእርግጥ የሚፈልጋቸውን ብቻ ይይዛልና።

ዝርዝሩ አስቀድሞ የሚዘጋው ስሜት እንዳይገባበት ነው። በድራፍቱ ቀን ሰዓት ይቆጥራል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ያልተጠበቀ ስም ይጠራል። የቡድኑ ሰዎች ሥራ ያኔ ማሰብ አይደለም፤ የተጠሩትን መሰረዝና ሳይሰረዝ ከላይ የቀረውን ስም ማንበብ ነው።

9. ዛሬ፦ ድርሻውና ዋጋው

ድራፍቱ አሁን ሰባት ዙር ነው። 32 ቡድኖች፣ 224 ምርጫዎች። የመጀመሪያው ዙር በአንድ ምሽት፣ የቀሩት ስድስቱ በማግሥቱ። በ2005 የደመወዝ ጣሪያ በ39 ሚሊዮን ዶላር ከተጀመረ ወዲህ የዚህ ክፍል ክብደት ጨምሯል። ጣሪያ ባለበት ሊግ ሀብታም ቡድን ኮከቦችን ሁሉ መግዛት አይችልም፤ ጥሩ ተጫዋች በርካሽ የሚገኘው በዋናነት ከድራፍት ነው፣ የወጣቱ የመጀመሪያ ውልም በሕግ የተገደበ ነው። ፒትስበርግ በ2005 ሲድኒ ክሮስቢን፣ ቺካጎ በ2007 ፓትሪክ ኬንን ሲመርጡ የመጡት ዋንጫዎች በዚህ ስሌት የመጡ ናቸው። የወደፊት ምርጫ ራሱ እንደ ገንዘብ ከቡድን ወደ ቡድን ይዘዋወራል።

ሥርዓቱም ሁሉን አያይም። ማርተን ሳን ልዊ የተባለው አጭር አጥቂ በየትኛውም ዓመት በማንም አልተጠራም፤ በ2004 ከታምፓ ቤይ ጋር ዋንጫ አነሳ፣ የሊጉም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ያልተመረጡ ልጆችን መከታተልም ዛሬ የምልመላ ክፍሉ ሥራ አካል ነው።

የሕግ መሠረቱን ማወቅ ተቋሙን ለመረዳት ይረዳል። አሠሪዎች ተስማምተው ሠራተኛን ቢከፋፈሉ በአሜሪካ ሕግ ችግር ውስጥ ይገባሉ። ድራፍት የሚቆመው በ1967 የተመሠረተው የተጫዋቾች ማኅበር ከሊጉ ጋር በሚፈርመው የጋራ ስምምነት ላይ ነው። ስምምነቱን የሚፈርሙት ሊጉ ውስጥ ያሉ ተጫዋቾች ናቸው፤ የሚመረጠው የ18 ዓመት ልጅ ግን ገና የማኅበሩ አባል አይደለም። እምቢ ማለት ይችላል፤ ኤሪክ ሊንድሮስ በ1991 ኩቤክ ኖርዲክስ ሲጠራው መለያውን አልለበስም ብሎ ዓመት ቆይቶ ወደ ፊላደልፊያ ተዛወረ። እንዲህ የሚያደርግ አቅምና ስም ያለው ግን ከስንት አንድ ነው።

እስከ 2024 ድረስ ቡድኖቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አዳራሽ ተገናኝተው በየጠረጴዛቸው ይቀመጡ ነበር፤ የተጠራው ልጅ ወርዶ አዲሶቹን አለቆቹን ይጨብጥ ነበር። በ2025 ቡድኖቹ በየከተማቸው ቢሮ ቀርተው ወጣቶቹ ሎስ አንጀለስ ተሰበሰቡ። ዝርዝሩና ሰሌዳው ቀድሞም የነበሩት ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ለክፍሉ ብዙ የተለወጠ የለም። ለልጁ ግን ከተጠራ በኋላ የመረጡትን ሰዎች በመጀመሪያ የሚያየው በስክሪን ሆነ።

ገና ላይ ሲቧደን ልጁ ቢያንስ የምስጢር ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ወደ አባቶቹም የሄደው በእግሩ ነው። እዚህ ስሙ ካርድ ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የወጣው እሱ ሳያውቅ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣም ሲወርድም አላየም። በሲ ፎርሙ ዘመን ወላጆቹ ሳሎን ገብቶ የሚለማመጥ አንድ ሰው ነበር፤ ዛሬ 32 ቡድኖች እኩል ያዩታል፣ አንዱ ያገኘዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ ወዳልመረጣት ከተማ ለልምምድ ይበርራል። የቡድኑ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ካርዶቹ ከሰሌዳው ይነሳሉ፣ ባዶው ሰሌዳ ላይ የሚቀጥለው ዓመት ይጻፋል፣ መልማዩም የኦገስቱን ትኬት ይቆርጣል።